ሁለት መስኮት ያለው ካሜራ

ጥቅምት 8

ማሙሽ፣

ጤናህን ጠይቄያለሁ፤ አንተ ግን እንደ ባለፈው «ደህና ነኝ» ብለህ በአንድ ቃል እንዳትገላግለኝ። አርባ ልትደፍን ምንም አልቀረህም፣ እኔ ግን ማሙሽ ማለቴን አልተውም። ቅር ካለህ መጥተህ ተከራከረኝ።

እኛ ደህና ነን። አባባ ከጉልበታቸው በቀር ምንም አልሆኑም። ጠዋት ወንበራቸውን ግቢ አውጥተው ከበሩ ትይዩ ይቀመጣሉ፣ ጥላው በዞረ ቁጥር ወንበሩን ተከትለው እያዞሩ ይውላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የፖስታ መኪና የነዳ ሰው ጡረታ ሲወጣ ፖስታ ጠባቂ ይሆናል መሰለኝ። ደብዳቤህ ሲመጣ መጀመሪያ ፖስታውን ፊትና ጀርባውን አገላብጠው ያዩታል፤ ከዚያ «ለአንቺ ነው» ብለው ይሰጡኛል። ሁልጊዜ ለእኔ እየጻፍህ ለእሳቸው «ሰላም በይልኝ» ብቻ ማለትህ እንደሚከፋቸው አውቃለሁ፤ አይናገሩም እንጂ።

ወደ ጉዳይህ ልምጣ። አዎ፣ ሱቁን አገኘሁት፤ አዎ፣ ካሜራው አልተሸጠም። ሱቁ በጫማ ሰፊውና በፎቶ ኮፒ ቤቱ መካከል የተሰነቀረ ነው፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ይቆማል። ባለሱቁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ሰው ነው። የጻፍህልኝን ስም ሳነብለት ቀና ብሎ አየኝና «ይህን ካሜራ የሚጠይቅ ወይ የሚያውቅ ነው ወይ የተሳሳተ ነው፤ አንቺ የትኛዋ ነሽ?» አለኝ። እኔ የማተሚያ ቤት ጠራዥ ነኝ፣ መጽሐፍ እሰፋለሁ እንጂ ስለ ካሜራ አላውቅም፤ ያዘዘኝ ወንድሜ ነው አልሁት።

እሱም ከመስታወቱ ውስጥ አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ከብዶኝ ነበር። ከፊት ለፊቱ፣ ከሌንሱ በላይ፣ ዳርና ዳር ሁለት መስኮት አለው። ከኋላ ስታይበት መሃል ላይ ያለው ነገር ድርብ ሆኖ ይታያል፤ የሌንሱን ቀለበት ስታዞር ሁለቱ ምስሎች እየተሳቡ መጥተው አንድ ይሆናሉ። ያን ጊዜ ርቀቱን አገኘኸው ማለት ነው አለኝ። ዲጂታል ነው፣ ግን ራሱ ፎከስ አያደርግም። ይህን ሁሉ ለራስህ ስነግርህ ሞኝ መስዬ ይሆናል፤ ሆኖም ባለሱቁ ጋ ቆሜ ቀለበቱን ሳዞር፣ የጫማ ሰፊው መዶሻ ሁለት ሆኖ አንድ ሲሆን፣ ሥራ እንዳለብኝ ረሳሁ።

ስለ ዕቃዎቹ ለጠየቅኸኝ፦ ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር አዲስ ነው፤ የድሮው ወጥቶ በሌላ ተለውጧል። ፎቶ ሲነሳ የሚከፈትና የሚዘጋው ሻተሩም ተቀይሮ ድምፁ በጣም ቀንሷል፤ መሳቢያ ቀስ ብሎ ሲዘጋ የሚያሰማውን ያህል ብቻ ነው። የስክሪኑ መስታወት በማይጫር ዓይነት ተተክቷል። ከኋላ በሚታይበት ማያው ላይ ደግሞ አጉሊ ተጨምሮለታል። ይህን ሁሉ ያደረገው የቀድሞው ባለቤት ነው። እኔ አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም፦ ሰው ቤቱን አድሶ አድሶ ለምን ይሸጣል? ባለሱቁ «እሱን እኔም ብጠይቀው አልነገረኝም» አለ። ያንተስ የድሮው ካሜራ ምን ሆነ፣ የጽሕፈትህ መስመሮች መጀመሪያስ ለምን ይደበዝዛል?

አሁን ውሉን ስማ። እገዛልሃለሁ። በፖስታ ግን አልክም። መጥተህ ከእጄ ትቀበላለህ። ወደ እንጨት ፋብሪካው ከሄድህ ወዲህ የመጣኸው አንድ ጊዜ ነው፣ እሱም ቁርስ ሳትበላ ተመለስህ። አባባ በሩን ያያሉ። ሌላ የምለው የለም።

እህትህ

---

ጥቅምት 21

እትዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ለአባባም ከወትሮው ጠበቅ አድርገሽ ንገሪልኝ። ደህና ነኝ። አንድ ቃል አትበይኝ፤ ሁለት ናቸው።

አገኘሁት ስትይ ደስ አለኝ፤ ደብዳቤሽን በምሳ ሰዓት መጋዘኑ ውስጥ ሣጥን ላይ ተቀምጬ ደጋግሜ አነበብሁት። መጋዘን ማለቴን እንዳትገረሚበት፤ ከመጋዝ ክፍል ወደ ዕቃ ግምጃ ተዛውሬያለሁ። የአባባ ጓደኛ ፎርማኑ ነው የቀየረኝ። አባባ ለጓደኛቸው ለምን ብለው እንዳይደውሉ፣ እኔ ራሴ ጠይቄ ነው። የመጋዙ አቧራ ደረቴን ይዞኝ ነበር።

የድሮው ካሜራዬ ተበላሽቶ ሸጥሁት። አዎ፣ እሱ ራሱ ፎከስ ያደርግ ነበር፤ አዎ፣ እንደሱ ያለ በቀላሉ ይገኛል። እኔ ግን ይህን ነው የምፈልገው። ምክንያቱን ብነግርሽ ረጅም ነው፤ ሌላ ጊዜ።

ስለ ጽሕፈቴ የታዘብሽው ልክ ነው። የመስመሮቹ መጀመሪያ የሚደበዝዘው ብዕሩ አርጅቶ ነው። ሌላ እገዛለሁ።

ከመግዛትሽ በፊት ግን አንድ ነገር እይልኝ። በቀኝ ዓይንሽ ሳይሆን በግራሽ እዪበት። ሁለቱ ምስሎች በደንብ ይታያሉ? አፍንጫሽስ የት ይሆናል? አትሳቂ። ሁለተኛ፣ አጉሊው በግራ ዓይን ስታዪ ይመቻል ወይስ ፊትሽን ማጣመም ይጠይቃል? ሦስተኛ፣ ምስሎቹ ሲገጥሙ ቀለበቱ ላይ የተጻፈው የሜትር ቁጥር ከእውነተኛው ርቀት ጋር ይስማማል? ይህ ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል።

ስለ ውሉ፦ እትዬ፣ አሁን ፈቃድ አይሰጡኝም። በፖስታ ላኪልኝ። አባባ የፖስታን ነገር ያውቁታል፤ እንዴት እንደሚጠቀለል ይነግሩሻል።

ወንድምሽ

---

ኅዳር 2

ማሙሽ፣

ቁርስህን በላህ? ባትበላም ምሳ ደርሷል ብለህ ትጽፍልኛለህ፤ አውቅሃለሁ።

ካሜራውን ገዛሁት፤ አሁን እዚህ ሥራ ጠረጴዛዬ ላይ በሙጫ ቆርቆሮውና በመርፌ ሣጥኑ መካከል ተቀምጧል። የጥረዛ ክፍሉ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ አይቶበታል። በግራ ዓይኔ ስሞክረው አለቃችን ቆማ ታየኝ ነበርና «ሰላይ ነው ወይስ ጠንቋይ ነው የምትጫወቺው?» ብላ ሳቀችብኝ። መልስህ ይኸውልህ፦ በግራ ዓይን በደንብ ይታያል፤ አጉሊውም ይመቻል። አፍንጫዬ ግን ስክሪኑ ላይ ተለጥፎ ቅባቱን ይተውበታል። የማይጫረው መስታወት ለአፍንጫ ተብሎ የተሠራ መሰለኝ። ለምን በግራ እንደምታይ አልነገርኸኝም። ልጅ ሳለህ ወንጭፍ የምታነጣጥረው በቀኝህ ነበር።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄህ ስመጣ ነገሩ ተበላሸ። እሑድ አባባን ወንበራቸው ላይ አነሳኋቸው። ሁለቱን ምስል አፍንጫቸው ላይ አስማምቼ፣ ትንፋሼን ይዤ ነው የተጫንሁት። አባባ ጭጋግ ሆነው ወጡ፤ ከኋላቸው ያለው የግድግዳ ስንጥቅ ግን በውስጡ ያለችው ጉንዳን ሳትቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ደግሜ ባነሳም ያው ነው። አባባ ፎቶውን አይተው «ግድግዳው አምሮበታል» አሉ።

ባለሱቁ ጋ ሄድሁ። እሱ ሻጭ ነኝ እንጂ ጠጋኝ አይደለሁም፣ ካልፈለግሽው መልሺ አለኝ። ልመልሰው ወይስ ምን ይሻላል? ይህን ሁሉ አዲስ ዕቃ የታጨቀበት ካሜራ እንዴት አንድ ሽማግሌ ማንሳት ያቅተዋል?

ደግሞ ሌላ። አባባ የባለፈውን ፖስታህን ሳይሰጡኝ ቆዩ። ገብቼ ሳይ ቴምብሩን በጣታቸው ይዳስሱታል። ግማሹ ከፖስታው ጠርዝ ውጪ ወጥቶ በጀርባው ታጥፏል። «ምን ሆነ?» ብላቸው «ምንም፤ ልጁ ይቸኩላል» አሉኝ። አንተ ደግሞ የምትቸኩል ሰው አልነበርህም።

እህትህ

---

ኅዳር 14

እትዬ፣

እንዳትመልሺው። በምንም ዓይነት እንዳትመልሺው። ካሜራው ጤነኛ ነው፤ የታመመው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ አንቺ ትፈውሺዋለሽ።

መጀመሪያ ምን ያህል እንደሳተ እንወቅ። አንቺ ጋ ለዚህ የሚሆን ዕቃ ሞልቷል። አንድ ዓይነት ውፍረት ያላቸውን መጻሕፍት ጠረጴዛሽ ላይ ጀርባቸውን ወዳንቺ አድርገሽ አቁሚ፤ በቀጥታ ሳይሆን በሰያፍ፣ እያንዳንዱ ከፊተኛው ትንሽ ወደ ኋላ እያለ። መሃል ላይ ቀይ ጀርባ ያለው አንድ ይሁን። ካሜራውን ሌላ ጠረጴዛ ላይ እንዳይነቃነቅ አስቀምጪና ቀዩ ላይ አስማምተሽ አንሺ። ከዚያ የትኛው መጽሐፍ ስሙ እንደሚነበብ እዪ። ቀዩ ከሆነ ጨርሰናል። ከኋላው ያለው ከሆነ ስሕተቱ ስንት መጽሐፍ እንደሆነ አወቅሽ ማለት ነው።

አሁን ሌንሱን ፍቺ። አትፍሪ፤ ቁልፉን ተጭነሽ ስታዞሪው ይወጣል። ውስጡን ስታዪ ከላይ በኩል ጫፏ ላይ ትንሽ ተሽከርካሪ ያላት ክንድ አለች። ሌንሱ ሲዞር ይህችን ክንድ ይገፋታል፣ ክንዷ ደግሞ ሁለተኛውን ምስል ታንቀሳቅሳለች። ካሜራው ርቀትን የሚያውቀው በእሷ ነው። ተሽከርካሪዋ መሃል ላይ ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ አለ። የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኞች የሚይዙት ትንሹ ቁልፍ ይገባበታል። በጣም በጥቂቱ አዙሪ፣ ሌንሱን መልሺ፣ አንሺ፣ እዪ። ከተባሰ በሌላው በኩል። ከኋላ ያለውን ሴንሰር እንዳትነኪ፣ ትንፋሽሽንም አርቂ።

እኔ ብሆን አሁን... ብቻ የአንቺ እጅ ይሻላል። መርፌ የለመደ እጅ ነው።

ስለ ወንጭፉ ያልሽው እውነት ነው፤ ሰው ግን ይለወጣል። ስለ ቴምብሩ፣ መጋዘኑ ውስጥ መብራቱ ደካማ ነው። ስለ መምጣቴ ደግሞ ቀን ልቆርጥልሽ አልችልም። እባክሽ በእሱ አታስጨንቂኝ።

አባባ አንድ ነገር ጠይቀውሽ ነበር ያልሽው ምንድን ነው? በዳር በኩል ጽፈሽ ሰርዘሽዋል።

ወንድምሽ

---

ኅዳር 25

ማሙሽ፣

ሠራ!

ከዚህ ሌላ ምንም ሳልጽፍ ፖስታውን ልዘጋው ነበር፤ ግን መኩራራት ያምረኛል። የጥረዛ ክፍሉ በሙሉ ለምሳ ሳይወጣ ዙሪያዬን ቆሞ ነበር። መጻሕፍቱን በሰያፍ ደረደርን፤ አለቃችን ቀይ ጀርባ ያለውን ራሷ መርጣ አመጣች። መጀመሪያ ሳነሳ የተነበበው ከቀዩ ኋላ ሁለተኛው ነበር። ቁልፉን ከስፌት መኪና ጠጋኛችን ተዋስሁ። ከአንድ ጊዜ በላይ አበላሽቼ፣ ወደ ፊት አሳልፌ፣ መልሼ፣ በመጨረሻ የቀዩ መጽሐፍ የወርቅ ጽሑፍ ነጥቡ ሳይቀር ወጣ። የክፍሉ ሰው አጨበጨበልኝ። በዚህ ሥራ ስኖር ሲጨበጨብልኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ገባኝ። የቀድሞው ባለቤት ለምን እንደሸጠው ገባኝ። ባለሱቁ ጋ ሄጄ ነገርሁትና እሱም ራሱን ነቀነቀ፤ ሰውየው ለካ ሁልጊዜ «ፎቶዬ አይጠራም» እያለ ያማርር ነበር። ሴንሰሩ ነው ብሎ ሴንሰሩን ለወጠ። አልጠራም። ሻተሩ እየነቀነቀው ነው ብሎ ሻተሩን ቀየረ። አሁንም አልጠራም። ስክሪኑ በደንብ አያሳየኝም ብሎ መስታወቱን፣ ዓይኔ ደክሞ ይሆናል ብሎ አጉሊውን ጨመረ። በስተመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ሸጠው። ያቺን ክንድ ብቻ የነካት የለም። አሳዘነኝ ማሙሽ። ሁሉን ነገር ነክቶ የታመመውን ቦታ ብቻ ሳይነካ ሄደ።

ይህን እያሰብሁ ወደ ቤት ስመጣ አንተ መጣህብኝ። ሥራ ቀየርህ፣ ካሜራ ቀየርህ፣ ዓይን ቀየርህ፣ ብዕር ልትቀይር ነው። አንድ የማትነካው ነገር አለ። ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን አለ።

የሰረዝሁትን ለጠየቅኸኝ፦ አባባ ካሜራውን አውሺኝ ብለውኝ ነበር። ምን ያደርጉበታል ብዬ ስለሳቅሁ ነው የሰረዝሁት። አሁን ሰጥቻቸዋለሁ። ግቢ ተቀምጠው በሩን፣ የልብስ መስጫውን፣ የጎረቤቱን ጣሪያ እያዩ ቀለበቱን ያዞራሉ። ፎቶ ግን አያነሱም።

ውሉ እንደጸና ነው። ና።

እህትህ

---

ታኅሣሥ 5

እትዬ፣

ስለደከምሽበት አመሰግናለሁ። እንዲህ ይሳካልሻል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር፤ ወይም ጠብቄ ነበር።

አሁን ግን ካሜራውን በፖስታ ላኪልኝ፤ ካልሆነ ለባለሱቁ መልሺው። እንደ ልጅ በዕቃ አትደልዪኝ። መምጣት የማልችልበት ምክንያት አለኝ፤ የራሴ ነው። ስለ እሱ ብትጠይቂኝ ደብዳቤ መጻፍም ልተው ነው።

ተቆጥቼ ስለጻፍሁ ይቅርታ። ሌላ ወረቀት አጥቼ ነው የምልከው።

ወንድምሽ

---

ታኅሣሥ 13

ማሙሽ፣

የመጨረሻው ደብዳቤህ በደረሰኝ ዕለት ማተሚያ ቤቱ መብራት ጠፍቶ ቀድመን ወጣን። ቤት ስደርስ የአባባ ወንበር ግቢ ውስጥ ባዶውን ቆሟል። ደንግጬ ገባሁ። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ ቆመው አገኘኋቸው፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። መሐረባቸውን በሰያፍ ጭንቅላታቸው ላይ አስረው ቀኝ ዓይናቸውን ሸፍነዋል። በአንድ እጃቸው የውሃውን ጆግ፣ በሌላው ብርጭቆ ይዘዋል። ሲቀዱ ውሃው ከብርጭቆው ፊት ለፊት ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። በጨርቅ ጠርገው እንደገና ቀዱ። አሁንም ሳተ። ጨርቁን ጨምቀው ደግሞ ሦስተኛ ሊቀዱ ሲሉ አላስቻለኝም።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

አልዞሩም። «ልጄ ውሃ እንዴት እንደሚጠጣ ልወቅ ብዬ ነው» አሉ።

ከዚያ ተቀምጠው ነገሩኝ። ቴምብሩን ካዩ ጀምሮ አላስተኛቸውም። በዚያ ሁሉ ዘመን ስንት ፖስታ በእጃቸው እንዳለፈ ታውቃለህ፤ ሰው ቴምብር አጣምሞ ይለጥፋል፣ ገልብጦ ይለጥፋል፣ ወረቀቱን ስቶ ግን አይለጥፍም አሉኝ። ለጓደኛቸው ለፎርማኑ ደወሉ። እሱም ልጁ አስምሎኝ ነው እያለ ሲያቅማማ ቆይቶ ቀኝ ዓይንህን የመታውን ስንጣሪ፣ ሆስፒታሉን፣ ሁሉንም ነገራቸው። ይህ ካሜራውን ከመግዛቴም በፊት ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ያውቁ ነበር። ለምን ዝም እንዳሉ ስጠይቃቸው፣ ራሱ እስኪነግረኝ ብዬ ነው፣ ዓይኑን አጥቶ ምስጢሩንም ላሳጣው? አሉኝ።

ሌላም ተናገሩ፤ ልንገርህ ወይስ ልተወው ብዬ ሁለት ቀን አሰብሁ። «ከመጋዙ ፊት ያቆምሁት እኔ ነኝ። ፎቶ ይተዳደርበታል ወይ ብዬ ለጓደኛዬ የለመንሁት እኔ ነኝ» አሉ። አላለቀሱም። ጨርቁን ብቻ ደጋግመው ያጥፉት ነበር።

እኔ ግን አለቀስሁ ማሙሽ። መጀመሪያ ላንተ፣ ከዚያ ለእሳቸው። ከዚያ ተናደድሁብህ። ሆስፒታል ተኝተህ ነው ለካ ያን «ሰሞኑን ሥራ በዝቶብኝ ነው» የሚለውን ደብዳቤ የጻፍህልኝ! እኔ ደግሞ ተቀይሜ ባንድ ገጽ መለስሁልህ።

ማግስቱን ሥራ ላይ ቀኝ ዓይኔን ጨፍኜ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ላስገባ ሞከርሁ። ክሩ ከመርፌው ኋላ ያልፋል፣ ከፊቱ ያልፋል፤ እኔ ግን ልክ የገባ ይመስለኛል። ብዕርህም ወረቀቱን የሚያገኘው እንዲህ ነው አይደል?

ምንም አልጠይቅህም። ውሉንም አፍርሼዋለሁ። መልስህ ሲመጣ ካሜራውን እልካለሁ፤ ብትመጣም ባትመጣም።

እህትህ

---

ታኅሣሥ 24

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ይዤ ብዙ ቀን ተቀመጥሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም፤ ስለዚህ ስለ ካሜራው ልጀምር።

ዓይኔ ከጠፋ በኋላ ፋብሪካችንን ፎቶ ሊያነሳ አንድ እንግዳ መጥቶ ነበር። ይህን የመሰለ ካሜራ ይዟል። ድሮ ፎቶ አነሳ እንደነበር ፎርማኑ ሲነግረው «እይበት» ብሎ ሰጠኝ። እኔ ያን ጊዜ ዓለም ሁሉ ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ ሥዕል ነበር የሚሆንብኝ። ደረጃ ስወርድ እግሬ አየር ይረግጣል፤ ሻይ ሲሰጡኝ ከብርጭቆው አጠገብ እጨብጣለሁ። በግራ ዓይኔ ካሜራውን አየሁበትና የመጋዘኑን በር አስማማሁ። ሁለቱ ገጠሙ። ቀለበቱን ሳነብ ስድስት ሜትር ይላል። በሩ ጋ ሄጄ ስለካ ስድስት ነው። እትዬ፣ ከዚያ ቀን በፊት ለወራት አንድም ነገር የት እንዳለ በርግጠኝነት አላወቅሁም ነበር። የእኔ አንደኛው መስኮት ተዘግቷል፤ ይህኛው ሁለቱም አሉት። ራሱ ፎከስ የሚያደርገው ካሜራ ርቀቱን ለራሱ ያውቅና ዝም ይላል፤ ለእኔ አይነግረኝም። ለዚህ ነው የሸጥሁት። ለዚህ ነው ቁጥሩ ልክ ነው ወይ እያልሁ ያሰለቸሁሽ።

ያልመጣሁት ለአባባ ብዬ ነው። ያሉሽን እንደሚሉ አውቄ ነበር፤ ቃል በቃል አውቀው ነበር። መጋዙ ጋ የቆምሁት ግን እኔ ነኝ፣ መከላከያ መነጽሩ ሲሞቀኝ ያወለቅሁትም እኔ ነኝ። ይህን ንገሪያቸው፤ አይደለም፣ እኔ እነግራቸዋለሁ።

አንድ ሌላም አለ፤ ትንሽ ስለሆነ ያሳፍራል። ስመጣ አባባ ከወንበራቸው ሳይነሱ እጃቸውን እንደሚዘረጉልኝ አውቃለሁ። እጃቸውን ስቼ አየር ብጨብጥ ብዬ ፈራሁ። ሌላ ሰው ቢያይ ግድ የለኝም። በእሳቸው ፊት ግን።

ውሃውን ስንት ጊዜ ሞከሩት? እንዲህ በያቸው፦ የጆጉን አፍ ከብርጭቆው ጠርዝ ጋር አስነክተው ይቅዱ። እኔ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ወንድምሽ

---

ጥር 3

ማሙሽ፣

ካሜራው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። የጠቀለሉት አባባ ናቸው፤ እኔን አላስነኩኝም። ከተራራ ቢወረወር አይሰበርም ብለዋል።

ምክርህን ነገርኋቸው። ጆጉን አስነክተው አንዲት ጠብታ ሳያፈስሱ ቀዱና «ጎበዝ ነው» አሉ። ከዚያ ውሃውን ጠጡት። መሐረቡን ከዚያ ወዲህ አላሰሩትም።

ስትፈታው ሌንሱ ላይ ክር ታያለህ። መጽሐፍ የምሰፋበት በሰም የታሸ ክር ነው፤ ቀለበቱ አምስት ሜትር ላይ እንዳይንቀሳቀስ አስሬዋለሁ። ይህ የአባባ ሐሳብ ነው። ቀለበቱን እያዞሩ ግቢውን ሁሉ ያዩ የነበረው ለካ ከግቢው በር ምሰሶ እስከ ወንበራቸው ያለውን ሲለኩ ነው። ምሰሶው ጋ ቆመው አዩ፣ እኔን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው አዩ፣ ከዚያ በሜትር አስለኩኝ። ልክ አምስት እስኪሆን ወንበሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አስገፉኝ። በመጨረሻ በአራቱም እግሮቹ ዙሪያ በጠመኔ አሰመሩ። «በሩን ሲያልፍ ምሰሶውን ይያዝና ካሜራውን ያንሳው። ርቀት ፍለጋ አይድከም፤ እኔ ለክቼ ጠብቄዋለሁ» ብለውሃል። ከዚያ በኋላ እጃቸውን አንተ ስትመጣ ሳይሆን አንተ ስትዘረጋ እንደሚዘረጉም ነግረውኛል። ያን ፍርሃትህን የነገርኋቸው እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ።

አንድ ችግር ብቻ አለ። ወንበሩን ከጠመኔው ውስጥ አላወጣም አሉ። ጥላው ሲዞር እሳቸው አይዞሩም። ከረፋዱ ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ላባቸው ይወርዳል፤ ጃንጥላ ብሰጣቸው ፎቶውን ያበላሻል ብለው ዘግተው አጠገባቸው አኖሩት። «ሳልኖር ቢመጣስ?» ይላሉ። መቼ እንደምትመጣ አልጻፍህም ብላቸውም አይሰሙኝም።

አልጠይቅህም ብዬ ነበርና አልጠይቅህም። የአባባ አናት ግን እየነደደ ነው።

እህትህ

---

ጥር 14

እትዬ፣

ካሜራው ደረሰ። ጥቅሉን ለመፍታት መጋዝ ያስፈልግ ነበር፤ በጥርሴና በጽናት ፈታሁት።

ክሩን በጥንቃቄ ፈትቼ ኪሴ ከትቼዋለሁ። ከዚያ ሥራ ስወጣ በግራ ዓይኔ የፋብሪካውን በር፣ የፎርማኑን ባርኔጣ፣ መንገድ ማዶ የቆመችውን ሴት አስማማሁ። ሁሉንም አገኘኋቸው። አፍንጫዬም ስክሪኑ ላይ ቅባቱን ትቷል።

አባባን እንዲህ በያቸው። ጠመኔውን በእግራቸው ያጥፉት፤ ወንበራቸውን ይዘው ወደ ጥላው ይሂዱ፤ ጥላው ሲዞርም እንደ ወትሯቸው ይዙሩ። ቅዳሜ እደርሳለሁ።

የትም ቢቀመጡ አገኛቸዋለሁ።

ማሙሽ